3.6 ከየት መጣ?

ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ቁጥር በቃሉ ያውቃል። በሴኮንድ ሜትር የተነገረውን ፍጥነት ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመለወጥ በ3.6 ማባዛት፣ ለመመለስም በ3.6 ማካፈል ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ ከመካከላችን መልስ የሚሰጠው ስንቱ ይሆን? በፈተና ሰዓት ማባዛቱንና ማካፈሉን የሚያምታታውስ?

ምሥጢሩ ቀላል ነው። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ፣ አንድ ኪሎ ሜትርም 1,000 ሜትር ነው። እንግዲህ በየሴኮንዱ አንድ ሜትር የሚራመድ ሰው በአንድ ሰዓት 3,600 ሜትር፣ ይኸውም 3.6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህን የተረዳ ተማሪ ቁጥሩን ቢረሳው እንኳ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። በቃሉ ብቻ የያዘው ግን የረሳው ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል።

«ይህ የቁጥር ጨዋታ ነው፤ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር ከግቢያችን በር ውጭ ያለውን መንገድ ይመልከት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ሲመነዘር ግን በየሴኮንዱ 14 ሜትር ያህል ነው። ነጂው መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ሳይያዝ 14 ሜትር ተጉዟል። በሰዓት 80 ሲነዳማ 22 ሜትር ይሆናል። ኪሎ ሜትርና ሰዓት ለጉዞ ይመቻሉ፤ የሰው ሕይወት የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው ግን በሜትርና በሴኮንድ ነው።

መለኪያው ያልተነገረ ቁጥርም ከንቱ ነው። «ፍጥነቱ 50 ነው» ያለ ሰው ገና ምንም አልተናገረም። 50 ማይል በሰዓት ከሆነ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መርከበኞችና አብራሪዎች በሚጠቀሙበት በኖት ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ 93 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ደግሞም እያንዳንዱ መለኪያ የየራሱን ነገር ያሳያል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ነበረ። ይህ ቁጥር ብዙ አያስደንቅም። በሯጮች ቋንቋ ግን አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ጨርሷል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር 100 ሜትርን በ19 ሴኮንድ ያህል እየሮጠ፣ ያንኑ ከ420 ጊዜ በላይ ደጋገመው። የሚጠራጠር ሜዳ ወርዶ አንድ ጊዜ ይሞክረው!

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ ከመልሱ ይልቅ መንገዱን እንዲጠይቁን፣ መለኪያ የሌለውንም መልስ ያለ ርኅራኄ እንዲሰርዙት ነው። እኛም ተማሪዎች በበኩላችን ቀመር ከመሸምደዳችን በፊት ትርጉሙን እንመርምር። ነገ መንገድ የምንቀይስ፣ መኪና የምንነዳ፣ ሕግ የምናወጣም እኛው ነን። ያን ጊዜ ስሕተታችን የሚታረመው በቀይ ቀለም አይሆንም።