የጥልቀት ወሬና የጀማሪ ዲቴክተር

ለመጀመሪያ ጊዜ የብረት መመርመሪያ፣ በገበያው ቋንቋ ዲቴክተር፣ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሻጭንም ሆነ የቆየ ተጠቃሚን ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ኪስ እስከፈቀደ ድረስ ጥልቅ የሚያየው፣ ማስተካከያው የበዛው፣ ውዱ ይገዛ፤ የመጀመሪያው የመጨረሻው ይሁን፤ ሁለት ጊዜ ከማውጣት አንድ ጊዜ ማውጣት ይሻላል። ምክሩ አስተዋይነት ይመስላል። የጀማሪን ችግር ሁሉ የጥልቀት ማነስ አድርጎ ስለሚያይ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ጀማሪን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመልሰው አንድ ሜትር ወርዶ የተቀበረ ሀብት አለመታየቱ አይደለም። አንድ ስንዝር ታች ያለውን ሳይሰማ አልፎት መሄዱ ነው።

የመሣሪያውን አሠራር ያወቀ ሰው የጥልቀት ማስታወቂያን በሌላ ዐይን ያነበዋል። ከዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ ሳህን፣ ኮይል የሚባለው፣ በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ይዟል። በሽቦው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይገባል። መስኩ ሳንቲም ወይም ሚስማር ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪቶች ይነሣሉ፤ እነሱም በፋንታቸው እጅግ ደካማ መስክ ወደ ላይ ይመልሳሉ። በማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ከዚህ ተመላሽ የሚወለድ ነው። መስኩ ሲወርድም ሲመለስም ይዳከማል። ትንሹ ዕቃ ከኮይሉ ራቅ ካለ በኋላ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ ታች ሲሄድ 8 ጊዜ፣ ወደ ላይ ሲመለስ ሌላ 8 ጊዜ ያንሳል፤ በድምሩ ተመላሹ 64 ጊዜ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ለኮይሉ ቅርብ በሆነው ርቀት ቅነሳው ለዘብ ይላል እንጂ መንገዱ ያው ነው። ስለዚህ ሦስት እጥፍ የተከፈለበት ማሽን ሦስት እጥፍ አይወርድም። በሳንቲም መጠን ባለ ዕቃ ላይ በርካሹና በውዱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው በጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚለካ ነው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው «2 ሜትር» ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ በርሜል ወይም ስለ ትልቅ ሣጥን እንጂ ስለ ቀለበት አይደለም። ቀለበቱን በባዶ አየር ላይ በኮይሉ ፊት እያሳለፉ «ይኸው ከዚህ ርቀት ያዘው» ማለትም የሱቅ ትርኢት ነው፤ አየር ውስጥ የብረት ማዕድን የለም፣ መሬት ውስጥ ግን አለ።

ጥልቅ የሚያየው ማሽን ብዙ ጊዜ ከበድ ስለሚል፣ በእነዚህ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ምትክ ጀማሪው የሚከፍለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ክንዱንም ነው። ዲቴክተር ተይዞ የሚቆም ዕቃ አይደለም፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወዛወዝ ይውላል። በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ቢወዛወዝ በሰዓት 1,800 ጊዜ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኮይሉ ሣሩን እየላሰ፣ ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ ይሄዳል። ትከሻው ሲደክም መጀመሪያ የሚበላሸው የውዝዋዜው ጫፍና ጫፍ ነው፤ ኮይሉ እንደ ዥዋዥዌ በመሐል ዝቅ፣ በዳርና ዳር ከፍ ማለት ይጀምራል። ባለቤቱ ይህን አያስተውለውም፤ ማሽኑም አይነግረውም። 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮይል ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ የነበረው ሳንቲም 25 ላይ እንዳለ ይቆጠራል፤ ተመላሹ ምልክትም ከግማሽ በታች ይወርዳል። በብዙ ገንዘብ የተገዛው ተጨማሪ ጥልቀት በደከመ ትከሻ እንዲህ ይባክናል። ቀላሉን ማሽን የያዘው ሰው ግን ከሰዓት በኋላም ኮይሉን ዝቅ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ውዝዋዜ በቀደመው ላይ እየደረበ ይጓዛል። በአንድ ቀን የሚሸፍነው መሬትም የሚሸፍንበት ጥራትም ይበልጣል።

ክብደት ሲባል ሚዛን ላይ የሚነበበው ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ከእጀታው አንድ ሜትር ገደማ ርቆ የተንጠለጠለ ግማሽ ኪሎ፣ ከክርን ሥር ከተቀመጠ አንድ ኪሎ የበለጠ ያደክማል። ባትሪው ከክንድ ማሳረፊያው ኋላ የተሰካበት ዘንግ ኮይሉን ስለሚያመዛዝን ቀላል ሆኖ ይሰማል። ትልቅ ኮይል ግን ሌላ ዕዳ አለው፤ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ይያዛል፣ ቆሻሻ በበዛበት ቦታም ቆርኪውንና ሳንቲሙን በአንድ ጊዜ ሸፍኖ ድምፃቸውን ይደበላልቃል። ትልቅ ኮይል ለተጨማሪ ጥልቀት ተብሎ ከማሽኑ ጋር ሲሸጥ ይህ ጉዳይ አብሮ አይነገርም።

ከባድ ሁሉ ኃይለኛ ነው የሚለው ስሜት ጊዜው ያለፈበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፖላንዱ መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው የፈንጂ መመርመሪያ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ በ1942 እ.ኤ.አ. በኤል አላሜን የተሰለፉት 500 ያህሉ መሣሪያዎች በዚያ ክብደታቸው ሥራቸውን ሠርተዋል። ያን ጊዜ ክብደት ግድ ነበር። ዛሬ ግን የፈረንሳዩ ኤክስፒ ዴውስ ከ1 ኪሎ በታች ሆኖ በባለሙያዎች እጅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የማይንላብ ኩባንያ ቫንኩዊሽ 1.2 ኪሎ ገደማ ሲሆን በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ይሠራል፤ ከተጠቃሚው የሚጠብቀው ማስተካከያም እጅግ ጥቂት ነው። የዚያው ኩባንያ ሲቲኤክስ 3030 በሌላ በኩል 2.3 ኪሎ ያልፋል፤ ጂፒኤስ አለው፣ ባለ ቀለም ስክሪን አለው፣ ጀማሪን የሚያስጠፋ ብዙ ሜኑም አለው። ጥሩ ማሽን ነው፤ ገና የሚስማርና የሳንቲም ድምፅ ላልለየ ሰው መስጠቱ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ማስተካከያ የበዛበት ማሽን «ወደፊት ያሳድጋል» ይባላል። በተግባር የሚታየው ሌላ ነው። ጀማሪው ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ማሽኑ ደካማ ምልክትን የሚሰማበትን መጠን፣ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ መሬቱ ውስጥ ያለው ማዕድን ማሽኑን ያስጮኸዋል፤ ጩኸቱን ለማጥፋት ደግሞ የማይፈለጉ ብረቶችን ድምፅ የሚዘጋውን ማጣሪያ ያጠብቀዋል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው። ማጣሪያ የሚሠራው ዕቃው ኤሌክትሪክን በሚያስተላልፍበት መጠንና በግዝፈቱ ተመርቶ ነው፤ ወርቅን በስሙ አያውቀውም። ቀጭን የወርቅ ቀለበት በብዙ ማሽኖች ላይ የሚሰጠው ቁጥር ከሲጋራ ፓኬት ብልጭልጭ ወረቀት ብዙም አይርቅም፤ ወፍራሙ ደግሞ ከጣሳ መጠጥ መክፈቻ ጋር ይጋጫል። ቆሻሻውን ሁሉ እንዳይሰማ ያደረገ ጀማሪ ሊያገኘው የወጣውን ወርቅም አብሮ ዘግቶታል። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ቀላል ማሽን የያዘ ሰው ግን መክፈቻውንም ቆርኪውንም ይቆፍራል፤ እየቆፈረም የትኛው ድምፅ ስለታም፣ የትኛው የተሰባበረ እንደሆነ ጆሮው ይይዝለታል። ይህን ትምህርት ስክሪን አይሰጥም። ስክሪኑ የሚያሳየው ቁጥር ግምት ነው፤ ዕቃው ጠለቅ ሲል ወይም ዘንበል ብሎ ሲተኛ ግምቱም ይዘላል።

የእንግሊዝ ልምድ ለጥልቀት አምልኮ ሁለት መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 በስታፎርድሻየር፣ ሃመርዊች በተባለ መንደር አጠገብ፣ እስከዛሬ ከተገኙት የአንግሎ ሳክሰን የወርቅ ክምችቶች ትልቁ የተገኘው ከዓመታት በፊት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ2 ፓውንድ ተኩል በተገዛ ዲቴክተር ነበር። ግኝቱ በ3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቷል። በአንድ አጋጣሚ ክርክር አይረታም፤ ርካሽ ማሽን ሀብት ያመጣል ማለትም አይደለም። ያን ቀን ሥራውን የሠሩት ትክክለኛው ማሳና የታረሰው አፈር ነበሩ፤ ሀብቱ ማረሻ በሚደርስበት ጥልቀት ላይ ስለነበር ከዚያ በታች ማየት ለምንም አያስፈልግም ነበር። ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በእንግሊዝና በዌልስ ያለው የኃላፊነት ደንብ ፈላጊዎች በተቻለ መጠን ቀድሞ በተነካ፣ እንደ እርሻ በታረሰ መሬት ላይ እንዲሠሩና ከእርሻው አፈር በታች ያለውን የአርኪዮሎጂ ንብርብር እንዳይነኩ ይመክራል። ከማረሻው በታች ያለ ዕቃ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከአጠገቡ ካለው ሸክላ፣ አጥንትና አመድ ጋር ነው፤ ብቻውን ተነቅሎ ሲወጣ ታሪኩ ይጠፋል። ጀማሪን በጥልቀት የሚያጓጓ ሻጭ እንግዲህ እንዲቆፍር ያልተመከረበትን ቦታ እየሸጠለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ጉዳዩ የምርጫ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘም ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት።

ለቀላል ማሽን መከራከር ለመጫወቻ መከራከር አይደለም። የሕፃናት መጫወቻ ተብሎ በሚሸጠው ላይ መሬቱን የሚያመዛዝን ነገር የለም፣ ሴንሲቲቪቲው አይስተካከልም፣ ዘንጉ ለአዋቂ ቁመት አይረዝምም፤ እንዲህ ያለው ጀማሪን ከከባዱ ማሽን ይልቅ በፍጥነት ተስፋ ያስቆርጣል። የሚፈለገው ቀላል ማሽን ኮይሉ ውኃ የማያስገባ፣ ማዳመጫ የሚሰካበት፣ ሴንሲቲቪቲውና ማጣሪያው በግልጽ ቁልፍ የሚስተካከሉ፣ ዕቃው ያለበትን ነጥብ ለይቶ የሚያሳይ ነው። የጋሬት ኤስ ቤተሰብ ማሽኖች በዚህ መንገድ ለብዙ ዓመታት የብዙ ሰዎች መጀመሪያ ሆነዋል፤ ክብደታቸውም 1.2 ኪሎ ገደማ ነው።

የጥልቀቱ ክርክር እውነት የሚሆንበት ቦታም አለ፤ የወርቅ መሬት ነው። በአሶሳ ዙሪያ፣ በጉጂ ሻኪሶ፣ በትግራይ ሽሬ አካባቢ ባህላዊ ወርቅ አምራቾች ከዶማና ከገበቴ ጎን ዲቴክተር ይይዛሉ። የብረት ማዕድን የበዛበት ቀይ አፈር ተራውን ዲቴክተር ያሳብደዋል፤ ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለውና ከዚያ የተሻሻለው ከባድ ማሽን ግን መሬቱን ችሎ ይወርዳል። ማይንላብ ጂፒዜድ 7000 እዚህ ስሙ የገነነው ያለምክንያት አይደለም። ነገር ግን ማሽኑ 3.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ቀኑን ሙሉ ለመያዝ ከትከሻ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ያስፈልገዋል፤ ዋጋው ደግሞ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የሚገዙት ዓይነት ነው። ገንዘቡ የተዋጣበት ማሽን ከመሬቱ ድምፅ ጋር ገና ባልተዋወቀ ሰው እጅ ሲገባ ዕዳው የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም። እዚያም ቢሆን መካከለኛ መንገድ አለ፤ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ፣ 1.3 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሴንሲቲቪቲውንም የመሬት ማመዛዘኑንም ራሱ የሚያስተካክል ነው። ጥልቅ ያለ ትልቅ ወርቅ ላይ ከከባዱ ጋር አይወዳደርም። ላይ ላዩን ያሉትን ደቃቅ ቁርጥራጮች፣ ተቆፍሮ የተጣለውን አፈርና የደረቀ ወንዝ ዳርቻን ለመፈተሽ ግን ይበቃል፤ ጀማሪ የሚጀምረውም ከእነዚሁ ነው።

የጥልቀት ምኞት እስከ ጫፍ ሲገፋ የት እንደሚያደርስ ለማየት ባለ አንቴናውን ዕቃ መመልከት ይበቃል። ወርቅን ከብዙ መቶ ሜትር ርቀት «ይጠቁማል» ተብሎ የሚሸጠው በእጅ የሚያዝ ዘንግ ከላይ በተገለጸው ፊዚክስ መሠረት ሊሠራ አይችልም። ኤዲኢ 651 የተባለውን ተመሳሳይ ዕቃ ቦምብ ያገኛል ብሎ ለኢራቅ የሸጠው እንግሊዛዊ በ2013 እ.ኤ.አ. የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ጥልቀትን የመሣሪያ ሁሉ መለኪያ አድርጎ የተማረ ገዢ ለእንዲህ ያለው ሻጭ የተዘጋጀ ነው።

ሻጭ ስለ ሴንቲ ሜትር ሲያወራ ገዢ ዘንጉን ለቁመቱ አስረዝሞ፣ ክርኑን ሳያጥፍ ማሽኑን አሥር ደቂቃ ያህል ማወዛወዝ ይችላል፤ ልዩነቱን ከካርቶኑ በተሻለ ትከሻው ይነግረዋል። ቀላልና የታወቀ ማሽን ከአንድ ዓመት በኋላም ገዢ አያጣም፤ ስለዚህ «ሁለት ጊዜ ማውጣት» የሚለው ስጋት እንደሚባለው አይከብድም። በዚያ ዓመት ውስጥ ባለቤቱ በየትኛው መሬት ላይ እንደሚውል ያውቃል። እርጥብ የባሕር ዳር አሸዋ ከሆነ ጨው የማያስጮኸው ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ያስፈልገዋል፤ ቀይ የወርቅ አፈር ከሆነ ፐልስ ኢንዳክሽን፤ የታረሰ ማሳ ወይም የከተማ ሜዳ ከሆነ ደግሞ በእጁ ያለው ይበቃዋል።