ጭነቱ ከኋላ፣ ልጆቹ ከጋቢና



በከተማችን በብዙ ግቢዎች ቆማ የምትታይ አንዲት መኪና አለች። ጠዋት ሲሚንቶ ወይም ጣውላ ትጭናለች፤ ማታ ልጆችን ከትምህርት ቤት ትመልሳለች። በበዓል ዋዜማ በግና ዶሮ፣ በክረምት መግቢያ ጤፍና ከሰል፣ ለቅሶ ሲደርስ ደግሞ የዕድር ድንኳንና ወንበር ታመላልሳለች። ይህች መኪና ፒክአፕ ናት።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚችው መኪና ነው። «የመኪና ነገር የወንዶች ነው፤ ለሴቶችና ለቤተሰብ ዓምድ ምን አገባው?» የሚሉ አይጠፉም ይሆናል። ነገር ግን በቤተሰብ ጉዞ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው መቼ እንደሆነ እስቲ አስቡት። ብዙውን ጊዜ ሊነሡ አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው። በዚያን ሰዓት ልጆቹን አልብሳ፣ ስንቁን ቋጥራ በር ላይ የምትቆመው እናት ናት። ስለዚህ ነገሩ እኛንም በሚገባ ይመለከተናል።

ከራሴ ቤት ልጀምር። ባለቤቴ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ያጠራቀምነውንና ከዕቁብ የደረሰንን ገንዘብ አንድ ላይ አድርገን ያገለገለች ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ገዛን። ለእርሱ የሥራ ዕቃ ማመላለሻ፣ ለቤቱም መገልገያ ትሆናለች ብለን ነበር። በእርግጥም ጠቅማናለች። ቀደም ሲል እህል በረንዳ ወርጄ ጤፍ ስገዛ ለጭነት የምከፍለው ገንዘብ ቀረልኝ። ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ጤፉን፣ ሽንኩርቱንና ከሰሉን በአንድ ጊዜ እናመጣለን። የቤት ወጪ መዝገብ ለምትይዝ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የመጣው ከመቀመጫው ነው። የእኛዋ መኪና ያላት መቀመጫ ሁለት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር አራት ነን። እንግዲህ ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገውን እኛም አደረግን። ባለቤቴ ይነዳል፤ እኔ ታናሽቱን ጭኔ ላይ አቅፌ ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ታላቁ ልጃችን ከዕቃው ጋር ከኋላ ይወጣል። ልጅ ደግሞ ከኋላ መውጣት ይወዳል። ነፋሱ አለ፣ ሜዳው ይታያል፣ እኩዮቹም በቅናት ያዩታል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ሰንዳፋ ያሉ ዘመዶቻችንን ጠይቀን ስንመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አስፋልቱ ርጥብ ነው። ልጁን ጋቢ ደራርቤ በድንች ጆንያ ላይ አስቀምጬ «ጠበቅ አድርገህ ያዝ» ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ጥቂት እንደሄድን ከመንገዱ ዳር አህዮች በድንገት ገቡ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ከምንም ጋር አልተጋጨችም፤ አህዮቹም ደኅና ተሻገሩ። ከኋላችን ግን «ጓ» የሚል ድምፅ ሰማን።

ወርደን ስናይ ልጃችን ተወርውሮ በፊቱ ከጋቢናው ጀርባ ጋር ተላትሟል። የላይኛው ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰብረው፣ ጋቢው በደም ርሶ አገኘነው። ሐኪሙ ከንፈሩን ሰፍቶ ሲጨርስ «ወደ ፊት በመወርወሩ አምላክን አመስግኑ፤ ወደ ጎን ቢሆን ኖሮ የምታነሡት ከአስፋልት ላይ ነበር» አለን። ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሕመም ላይ ያለው ልጅ ግን እኔን ሊያጽናና «እማዬ፣ እኔ እኮ ጠበቅ አድርጌ ይዤ ነበር» ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነው፤ ይዞ ነበር። ግን የሰው እጅ አይችለውም። ምክንያቱን ቀለል አድርገን እንመልከት። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በላይዋ ያለው ሰውም በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። መኪናዋ በድንገት ስትቆም የሰውየው አካል አብሮ አይቆምም፤ የሚያግደው ነገር እስኪያገኝ ይጓዛል። በዚያ ፍጥነት ከጠጣር ነገር ጋር መላተም 10 ሜትር ገደማ ከሚደርስ ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመውደቅ ጋር ይስተካከላል። ልጁን ከሦስተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ «ጠበቅ አድርገህ ያዝ» ብላ የምታስቀምጥ እናት የለችም። ከፒክአፕ ኋላ ግን እናስቀምጣለን።

ታናሽቱን በጭኔ መያዜም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ግጭት ሲደርስ የ10 ኪሎ ሕፃን ክብደት ለክንድ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመጣል፤ እናት የቱንም ያህል ብትጠነክር ከእጇ ያመልጣል። ከፊት ኤርባግ ያላት መኪና ከሆነች ደግሞ ኤርባጉ ሲፈነዳ በእናቱና በመኪናዋ መካከል ያለውን ሕፃን ክፉኛ ይመታዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የደኅንነት ቀበቶ ማሰር ከፊት የሚቀመጥን ሰው ከሞት አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ያድነዋል። ለሕፃናት ተብሎ የተሠራው መቀመጫም የሕፃናትን ሞት በ60 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች «እኛ እንኳ ኋላውን በክዳን ሸፍነነዋል፤ ልጆቹ ከነፋስም ከመውደቅም ተጠብቀዋል» ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው። ቀበቶ የሌለበት ቦታ ቢሸፈንም ያው ነው። ከዚህም ሌላ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጢስ በተሸፈነው ቦታ ውስጥ ሊታፈን ይችላል። በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ልጆቹ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ራሳቸውን ይስታሉ።

ይህ ማለት ግን መኪናዋ መጥፎ ናት ማለት አይደለም። ፒክአፕ ከመነሻዋ የተሠራችው ለጭነት ነው። ለምሳሌ በአገራችን በብዛት የምትታወቀው ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ ነጠላ ጋቢና ብቻ ነበረች፤ ለቤተሰብ የሚሆነው ደብል ጋቢና ቆይቶ የመጣ ነው። ጥፋቱ ለዕቃ በተሠራው ቦታ ሰው ያስቀመጥን የእኛ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ሕግ አወጣን፤ ከኋላ የሚወጣው ዕቃ ብቻ ነው። ደብል ጋቢና ለመግዛት አቅማችን አልፈቀደም። ስለዚህ ባለቤቴና ዕቃው በፒክአፗ ሲሄዱ እኔና ልጆቹ በሚኒባስ እንሄዳለን። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ «ምነው አንቺ፣ በራችን ላይ መኪና ቆማ በታክሲ መንከራተት?» ማለቱ አልቀረም። እኔም የወጪ መዝገቤን አምጥቼ አሳየሁት። ጤፍና ከሰሉን በራሳችን መኪና በማምጣታችን የሚተርፈን ገንዘብ የልጆቹን የመንገድ ወጪ ይሸፍናል። መኪናዋ ልጆቹን ባትጭንም የታክሲያቸውን ትከፍላለች ማለት ነው። በዚህ ተስማማን።

ከቤት ይልቅ የከበደው ጎረቤት ነበር። ፒክአፕ ያለው ሰው በሠፈሩ እንደ ቧንቧ ነው፤ ሁሉም ይፈልገዋል። አንድ ቀን የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ አንዲት የማከብራቸው እናት ከአምስት ሴቶች ጋር መጥተው ልጆችም አዝለው ከኋላ ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው አንጭንም» አልኳቸው። «ምን ችግር አለው ልጄ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ እንጂ» አሉኝ። «ቀስ ማለቱ በእጃችን ነው፤ የሌላው ሾፌርና የመንገዱ ነገር ግን በእጃችን አይደለም» ብዬ የልጄን ነገር አጫወትኳቸው። ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁ። ባለቤቴም ለማካካሻ የዕድሩን ድንኳንና ወንበር ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አደረሰ፤ የናፍጣ ገንዘብም አልተቀበለም። ዛሬ ሠፈሩ ሕጋችንን ያውቃል፤ ዕቃ እንጂ ሰው ጫኑልን የሚለን የለም። እምቢ ማለት ጎረቤትን የሚያስቀይመው ሌላ እርዳታ ሳይጨመርበት ሲቀር ነው።

ፒክአፕ ላላችሁ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ እናቶች ደግሞ የሚከተሉትን ምክሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ከኩንታሉ አስቀድማችሁ ሰው ቁጠሩ። ቤተሰቡ ከመቀመጫው ከበለጠ መኪናዋ የሥራ እንጂ የቤተሰብ መጓጓዣ አትሆንም። ደብል ጋቢና ከሆነች አምስት ሰው ትይዛለች። የኋላውን መቀመጫ ቀበቶዎች አንድ በአንድ ስባችሁ አስራችሁ ሞክሯቸው። ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ቀበቶው ተቆርጦ ወይም በመቀመጫው ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ሻጩ «እሱ ምን ያደርጋል» ቢላችሁ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ቀበቶው እንዲጠገን ጠይቁ።

ሁለተኛ፤ ጭነቱን በአግባቡ አደላድሉ። የዚህ ዓይነት መኪና የመጫን አቅም አንድ ቶን፣ ማለትም አሥር ኩንታል ገደማ ነው፤ የእያንዳንዷ ልክ ግን ስለሚለያይ በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ተመልከቱ። ከባዱን ጆንያ ከታችና ወደ ጋቢናው አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ክብደቱ ወደ ኋላ ከሄደ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ መሪውም አልታዘዝ ይላል። ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበርና ቆርቆሮ ቀላል ስለሆኑ ነፋስ ያነሣቸዋል። በገመድ ሳታስሩ አትነሡ፤ ከእናንተ መኪና የበረረ ወንበር የሌላዋን እናት ልጅ ሊጎዳ ይችላልና። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ስታስሞሉ ቫልቩ መዘጋቱን አረጋግጣችሁ ከኋላ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ጋቢና ውስጥ ከልጆች ጋር አታስገቡት።

ሦስተኛ፤ ባዶዋን ስትሄድ የበለጠ ተጠንቀቁ። ፒክአፕ ጭነት ሲኖራት ትረጋጋለች፤ ባዶ ስትሆን ግን ኋላዋ ይቀላል፣ በጉድጓድ ላይ ትዘላለች፣ በርጥብ መንገድም ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎቿ በቀላሉ ይንሸራተታሉ። ዕቃ አድርሶ ባዶ የሚመለስ ሾፌር «አሁንስ ቀለለኝ» ብሎ የሚፈጥነው በዚህ ጊዜ ነው።

አራተኛ፤ የኋላ ማርሽ ከመግባቱ በፊት ልጆቹን ቁጠሩ። ፒክአፕ ከፍ ያለች ስለሆነች ስፖንዳው ከተዘጋ በኋላ ከበስተኋላዋ የቆመ ትንሽ ልጅ በስፖኪዮ አይታይም። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ መኪናውን የሚያቆመው ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ነው። በእኛ ቤት ባለቤቴ ሞተር ሲያስነሣ እኔ ካለሁ እኔ፣ ከሌለሁም የቤት ሠራተኛችን፣ ሁለቱንም ልጆች እጃቸውን ይዘን በረንዳ ላይ እንቆማለን። እኛን ሳያይ አይነቃነቅም። ይህ ልማድ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

አምስተኛ፤ እናንተም መንዳት ተማሩ። ሰው ታሞ ሌሊት ሐኪም ቤት መሄድ ሲያስፈልግ መኪናዋ በግቢ ቆማ፣ የሚነዳት ግን ሥራ ላይ ሆኖ የተቸገሩ እናቶችን አውቃለሁ። እኔ ፈቃድ ያወጣሁት ልጄ ከቆሰለ በኋላ ነው። መሪ መያዝ ሌላም ጥቅም አለው፤ መሪውን የያዘች ሴት «ሰው አልጭንም» ስትል ነገሩ ቶሎ ይሰማል።

እኛ ያደግንበት ዘመን በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ መሄድ የተለመደ ነበር፤ ብዙዎቻችንም በደኅና ደርሰናል። በደኅና ያልደረሱት ግን ዛሬ ሊመክሩን አይችሉም። «እኛ ምን ሆንን?» የሚለው ክርክር ስለዚህ አያረካኝም።

ልጄ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በከንፈሩ ላይ ያለው ጠባሳ ሲስቅ ይታያል። ባለፈው የመስቀል በዓል ባለቤቴ የደመራ እንጨት ሊያመጣ ሲነሣ የጎረቤት ልጅ ስፖንዳውን ይዞ ሊወጣ ሞከረ። እኔ ከወጥ ቤት ለመጮኽ ስዘጋጅ ልጄ ቀደመኝ። «ውረድ፤ እሱ የዕቃ ቦታ ነው» ሲለው ሰማሁ። ከዚያም እጁን ይዞት ወደ በረንዳው መጣና አብረው ቆሙ።

እናንተስ፣ ውድ እናቶች፣ በቤታችሁ ያለው ሕግ ምንድን ነው? እስካሁን ከሌላችሁ የሚቀጥለው ጉዞ ሳይደርስ ዛሬ ማታ በእራት ሰዓት ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ሊነሡ አምስት ደቂቃ ሲቀር የሚወሰን ነገር አይደለምና።