የአረጋውያን ጉልበት በጾም ወራት

የስቅለት ዕለት ከጧት እስከ ሠርክ ሲሰግድ ውሎ፣ በማግሥቱ ደረጃ ለመውረድ ያልተቸገረ ምእመን ጥቂት ነው። ጭን ይከብዳል፤ ባት ይተሳሰራል፤ ከመደብ ለመነሣት እጅን መደገፍ ግድ ይሆናል። ይህም የሚሆነው፣ ከርሞ ያረፈ ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ በአንድ ቀን ሲሠራ ጥቃቅን ክሮቹ ስለሚጎዱ ነው። ነገር ግን ሰውነት የተጎዳውን ክር በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይጠግናል፤ ሥራው እየተደጋገመ ሲሄድም ጡንቻውን ከቀድሞው ይልቅ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ዓቢይ ጾምን በሙሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሰግድ የሰነበተ ሰው በስቅለት ማግሥት ያን ያህል አይታመምም።

ይህ ጥገና ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው መጠገኛ የሚሆን ምግብ ነው፤ ይኸውም ሐኪሞች ፕሮቲን፣ እኛም ገንቢ ምግብ የምንለው ነው። በዚህ ወር ከውድ አንባቢዎቻችን ጋራ ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ፣ በየቤታችን ያሉ አረጋውያን ጾማቸውን ሳያፈርሱ እነዚህን ሁለቱን አግኝተው ጉልበታቸውን እንዴት ሊጠብቁ እንደሚችሉ ነው።

ሰው ዕድሜው ከሠላሳ ካለፈ በኋላ በየዐሥር ዓመቱ ከጡንቻው ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። እኛ ጎንደሬዎች ሽማግሌን ማክበር ልማዳችን ነው፤ ልማዱም መልካም ነው። ዳሩ ግን ልጆች እናታቸውን «እማዬ፣ አንቱ ተቀመጡ፤ እኛ አለን» እያሉ ከማጀቱ፣ ከጓሮውና ከገበያው ሲያርቋቸው፣ ሳያውቁት ጡንቻቸውን ሥራ ያስፈቱታል። እናቲቱም በበኩላቸው ጾሙን አጥብቀው ከዋሉ በኋላ «ሁለት ጉርሻ ይበቃኛል» ብለው ከማዕድ ይነሣሉ። ሥራና ምግብ በአንድነት ሲጎድሉ ጭን ይመነምናል። ከዚያም አንድ ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ ይወድቁና የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ከእንዲህ ያለው ስብራት በኋላ ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይራመድም።

«ያረጀ ጡንቻ ተመልሶ አይበረታም» የሚሉ አሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ይኖሩ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆነ 10 ደካማ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት እንዲያሠሩ ተደርጎ ነበር። በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ጥናት እንደገለጸው፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁት የ9ኙ የጭን ኀይል በአማካይ ከመቶ 174 እጅ ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በዚያው አገር 100 አረጋውያን ለ10 ሳምንት ተፈተኑ። ሰውነታቸውን ያሠሩት ኀይላቸው ከመቶ 113 እጅ ሲጨምር፣ ያላሠሩት የጨመሩት ከመቶ 3 እጅ ብቻ ነበር። ተጨማሪ ምግብ ተሰጥቷቸው ሥራ ያልሠሩትም ምግቡ ብቻውን አላበረታቸውም። ከዚህ የምንማረው፣ ምግብ ያለ ሥራ ጡንቻን እንደማይገነባ ነው።

ወደ ማዕዱ እንመለስ። ጾሙን አጥብቆ የሚጠብቅ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳይቀምስ ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት በተለይ ክብደት የሚያነሡ ጐልማሶቻችን «ሥጋ ከሌለ ጡንቻ የለም» ሲሉ እንሰማለን። ነቢዩ ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ለዐሥር ቀን በጥራጥሬና በውሃ ተፈትነው ፊታቸው እንዳማረ ሁላችንም እናውቃለን። በዘመናችንም በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የብራዚል ጥናት፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበሉ 19 ጐልማሶችን ሁሉን ከሚበሉ 19 ጐልማሶች ጋራ አስተያየ። ሁሉም ለ12 ሳምንት ክብደት አነሡ፤ ገንቢው ምግብም በልክ እኩል ተደረገላቸው፤ ለጾመኞቹ የጐደለው በአኩሪ አተር ተሟላላቸው። በመጨረሻም በጡንቻቸውና በኀይላቸው ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ዋናው ነገር መጠኑ ነው።

መጠኑ ምን ያህል ነው? ለአዋቂ ሰው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ገንቢ ምግብ ይበቃል ይባላል፤ ለአረጋውያን ግን ከ1 እስከ 1.2 ግራም እንዲሆን ሊቃውንቱ ይመክራሉ። ስለዚህ 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋቸዋል። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ባቄላ ከ20 እስከ 25 ግራም ያህል ገንቢ ምግብ ይሰጣል፤ 100 ግራም የጤፍ ወይም የገብስ ዱቄት ደግሞ 10 ግራም ገደማ ይሰጣል። በቀን 300 ግራም ዱቄት በእንጀራ መልክ፣ 120 ግራም ጥራጥሬም በወጥ መልክ የበላ ሰው የሚያስፈልገውን አገኘ ማለት ነው። በውሃ የቀጠነ አንድ ጭልፋ ሽሮ ግን ከዚህ ልክ አይደርስም።

እህልና ጥራጥሬ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። ላይሲን የሚባለው የገንቢ ምግብ ክፍል በእህል ውስጥ ያንሳል፤ በጥራጥሬ ውስጥ ይበዛል፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውንም እህል ይሰጣል። የቆሎ ተማሪ ገብሱን ከሽምብራ ጋራ ቆልቶ መያዙ ለሰውነቱ የሚስማማ ነው። የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ደገኛ ገብስና ባቄላ አለው፤ የደምቢያ ገበሬም ጤፍና ሽምብራ አለው። ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን ወፈር ያለ የሽሮ ፍትፍት፣ የላመ ምስርና ስልጆ ይስማማቸዋል። ይህንንም ለአንድ ማዕድ ብቻ ከማከማቸት፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ በሚበላውና በማታው ማዕድ ማካፈል ይሻላል።

ስለ ጥራጥሬ ስንናገር ስለ ጓያ ሳናስጠነቅቅ አናልፍም። ጓያ ገንቢ ምግብ ይበዛበታል፤ ድርቅም ስለሚችል ሌላው ሲጠፋ እርሱ በርካሽ ይገኛል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ይጎዳና እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይድንም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ የተፈጨ ሽሮ የሚገዛ ቤተ ሰብ ጓያ እንዳልተቀላቀለበት ይጠይቅ፤ ቢቻልም ክኩን ገዝቶ በቤት ያዘጋጅ።

ሥራውን በተመለከተ፣ የስሜን ሽማግሌ በየቀኑ አቀበትና ቁልቁለት ስለሚሄድ እግሩ ሥራ አይፈታም። ከተማ ያለው አረጋዊ ግን ለጥቂት መንገድም ባጃጅ ይጠራለታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከበርጩማ ላይ እጁን ሳይደገፍ ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ዐረፍ ብሎም መድገም፣ ይህንንም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማድረግ ይጠቅመዋል። መጀመሪያ ላይ ግድግዳ ይደገፍ፤ አንድ ሰውም በአጠገቡ ይቁም። ሲለምደው ቁጥሩን ይጨምር። ስግደት ለጸሎት የተሠራ እንጂ ለጡንቻ የታሰበ አይደለም፤ ሆኖም በየቀኑ በአቅሙ የሚሰግድ ሰው ጉልበቱም አብሮ ይጸናለታል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ገንቢ ምግብ ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የታመመች፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ እናት፣ በድካም የተጎዳ ሽማግሌም ነገሩን ለንስሐ አባቱ ይግለጥ፤ ቤተ ክርስቲያን ለደካማ የምትራራበት ሥርዐት አላትና።

እንግዲህ የቤት እመቤቶች ሆይ፣ የሚመጣው ጾም ከመግባቱ በፊት ባቄላውን፣ ምስሩንና ሽምብራውን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ የአያትንም ድርሻ ሳይቀጥን ቅዱላቸው። ልጆችም አባትና እናታችሁን ከሚችሉት ሥራ አታስቀሯቸው። ምስሩን እናት ይልቀሙት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም በእግራቸው ይሂዱ፤ እናንተም ክንዳቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ተራመዱ።