ውድ ስማርት ሰዓት ለጤናችን ያስፈልገናል?



ሰሞኑን ባህል አዳራሽ ለምርቃት ሄጄ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉልኝና "ልጄ ከውጭ የላከልኝ ሰዓት ነው፤ ውድ ነው አሉ። ስኳሬን ስለሚነግረኝ ጣቴን መወጋት ትቻለሁ" አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ እናት ናቸው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ የደም ስኳር እንዲለካ የፈቀደለት ስማርት ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንደሌለ አሳውቋል። በተሳሳተ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የጨመረ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

"ውድ ከሆነስ?" ትሉኝ ይሆናል። አፕል በ2015 ከ10,000 ዶላር ጀምሮ የሚሸጥ የወርቅ ሰዓት አውጥቶ ነበር። የልብ ምት መለኪያው ግን በ349 ዶላር ከሚሸጠው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። በ2018 አዲሱ ሶፍትዌር ሲመጣ ሁለቱም እኩል ቀሩ። ትርፉ ገንዘብ የተከፈለው ለወርቁ ነው፣ ለጤና አይደለም።

ጥቅም የላቸውም እያልኩ አይደለም። አንዳንዶቹ የተዛባ የልብ ምት ይጠቁማሉ፤ የሚያረጋግጠው ግን ሐኪም ነው። የልብ ድካም ምልክት ወይም የደረት ሕመም ካለ "ሰዓቱ ምንም አላለም" ብላችሁ እቤት አትቀመጡ።

ገንዘባችሁን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡ፦

- ግፊት ካለባችሁ፦ ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ
- ስኳር ካለባችሁ፦ የጣት ስኳር መለኪያ ከነስትሪፑ
- ለሁላችንም፦ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። ከባህል አዳራሽ ወደ ሐይቁ በእግር መሄድ ምንም አያስከፍልም!

ወላጆች፦ ልጃችሁ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ የሰዓት ቁጥር ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ሮጡ።

እኚያን እናት ሰዓቱን ይጣሉ አላልኳቸውም። "ሰዓት ይዩበት፣ እርምጃዎን ይቁጠሩበት፤ ስኳርዎን ግን በጣትዎ ይለኩ" አልኳቸው።

ውጭ ያላችሁ ልጆችም፣ ለእናታችሁ ማሰባችሁ የሚያስመሰግን ነው። በሚቀጥለው ግን ለመለኪያቸው የሚሆን፣ ጊዜው ያላለፈበት ስትሪፕ ላኩላቸው። ከየትኛውም ውድ ሰዓት ይበልጥባቸዋል።

ጤናችሁ ይብዛ! ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉ።