ሴት ልጆችን ያተረፈው እገዳው አይደለም

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሐኪም ለነፍሰ ጡር የፅንሷን ጾታ ከ32ኛው ሳምንት በፊት እንዳይነግር የሚከለክለውን ሕግ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሻረው (የቀሩት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ለሴት ፅንሶች መስጋት ተገቢ ነው። በ1990 ኮሪያ ውስጥ ለ100 ሴት ሕፃናት 116 ወንዶች ተወልደዋል፤ ሰው እጁን ካላስገባበት ቁጥሩ 105 ገደማ ነው። ያ ዓመት በእነሱ ዘመን አቆጣጠር የፈረስ ዓመት ነበር፤ በፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ኃይለኛ ትሆናለች፣ ለትዳር አትመችም የሚል እምነት አለ። ሦስተኛ ልጅ ላይ ሲደረስማ ወንዶቹ የሴቶቹን እጥፍ ወደ መሆን ተጠግተው ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ጾታን መንገር ከ1987 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነበር።

ዛሬ ምሥጢሩን መጠበቅ ይበልጥ ከብዷል። በ1997 ዴኒስ ሎና ባልደረቦቹ የፅንስ ዘረመል ቁርጥራጭ በእናት ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። ከእናቲቱ ክንድ ጥቂት ደም ይቀዳና የዋይ ክሮሞዞም ይፈለጋል፤ ከተገኘ ወንድ፣ ካልተገኘ ሴት ነው። ከ7ኛው ሳምንት በፊት ቁርጥራጩ ስለሚያንስ ወንዱ ሴት ሊባል ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ውጤቱ በእጅጉ አስተማማኝ ነው። ሆዷ ገና ሳይገፋ ማለት ነው። የደም ብልቃጥ ደግሞ ድንበር አያግደውም፤ ከቻይና ወደ ሆንግ ኮንግ በድብቅ ሲጓዝ ኖሯል። ከዚህም በላይ ምርመራው ለሕክምና የሚያስፈልጋቸው እናቶች አሉ። ሂሞፊሊያን የምታስተላልፍ እናት ፅንሷ ሴት መሆኑን በጊዜ ካወቀች፣ ለዚሁ በሽታ ሲባል መርፌ ወደ ማህፀን ከሚገባበት ምርመራ ትድናለች።

እገዳው ባይኖር የባሰ ይመጣ ነበር የሚለው ክርክር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ኮሪያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቅጣቱን ስታጠብቅ የወንዶቹ ብልጫም መቀነስ ጀመረ፤ ቅጣቱ የራሱ ድርሻ እንደነበረው እቀበላለሁ። ነገር ግን ሕንድም በ1994 እስራት ያለበት ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። ከ7 ዓመት በታች ላሉ 1000 ወንዶች በ1991 945 ሴቶች ነበሩ፤ በ2011 ቆጠራ ወደ 919 ወረዱ፣ ሃሪያና ግዛት ውስጥ 834 ብቻ ተገኙ። ኮሪያ ውስጥም ሐኪሞች «ሮዝ ልብስ አዘጋጁ» እያሉ በዘዴ ይናገሩ ነበር። ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ቀጥሎ የሆነው ነው። ከ2021 መግቢያ ጀምሮ ኮሪያ ውስጥ ፅንስ ማቋረጥ አያስቀጣም፤ በ2022 ግን ለ100 ሴቶች የተወለዱት ወንዶች ከ105 አልበለጡም። ማወቁም ማቋረጡም ቀሏል፤ የጠፋው ወንድ ልጅን የማስበለጥ ፍላጎት ነው።

ፍላጎቱ የጠፋው ወንድ ልጅ ብቸኛ ጧሪ ቀባሪ መሆኑ ሲቀር ነው። ሴቶች ተማሩ፣ ደመወዝተኛ ሆኑ፤ ወላጆች ወደ ከተማ ገቡ፣ ጡረታም መጣ። ከ1991 ጀምሮ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ወረሰች፤ ቤተሰብን በቅድሚያ በወንድ ስም ያስመዘግብ የነበረው የሆጁ ሥርዓትም በ2008 ቀረ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዚያው ስንት ሴቶች ይጠፋሉ የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። ሕንድ ውስጥ እገዳው ግን ጊዜ እንኳ አልገዛም፤ ቁጥሩ እየወረደ የሄደው እገዳው በሥራ ላይ እያለ ነው።

ሕንድ በ2005 ለሂንዱ ሴት ልጆች ከወንድሞቻቸው እኩል የቤተሰብ ርስት የመካፈል መብት ሰጥታለች። ራጃስታን ውስጥ ግን ልጅቱ ድርሻዋን ለወንድሞቿ የምትለቅበት ሐቅ ትያግ የሚባል ልማድ አለ፤ ወረቀቱን የምትፈርመው ዘመዶቿ ዙሪያዋን ከበው ነው። ጾታ እንዳይነገር አልትራሳውንድ ክፍሎችን የሚያስስ ተቆጣጣሪ ያን ፊርማ የሚቀበለው መዝገብ ቤት ደጃፍ ላይ ቢቆም ይሻላል።