ግድቡ ተመርቋል፤ የእኛ ማዕድ ቤትስ?

ዛሬ ስለ ከሰል ልጽፍ ነው። “ስለ ከሰል ደግሞ ምን ይጻፋል?” እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጦሳ ጉም ለብሶ ሲውል ቤት ውስጥም ብርዱ አያስቀምጥም። ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። እማዬ ቡና ያፈላችበትን የከሰል ምድጃ እንዲያሞቀን ብላ መኝታ ቤት አስገባችው፣ በሩንም ዘጋነው። ትንሽ ቆይቶ ታናሽ ወንድሜ “ራሴን አመመኝ” ብሎ አለቀሰ። እኔም ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ነገሩ የገባቸው አያቴ ናቸው። “በሩን ክፈቱት! ከሰሉን አውጡት!” ብለው ጮኹ። ወንድሜ ውጭ ወጥቶ አስመለሰው። አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ተረፍን።

ትምህርት ሲጀመር የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው አሉኝ። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደማችን ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። እኛ ግን ከሰል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 13 ተርባይኖች አሉት፤ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ ነው፤ እንደ አዳማና አሸጎዳ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ከነፋስ ይመነጫል። ብዙ ሀብታም አገሮች ግን እስከ ዛሬ ድንጋይ ከሰልና ጋዝ እያቃጠሉ ነው መብራት የሚያገኙት። በዚህ እኛ እንበልጣቸዋለን።

ዓለም አሁን “የተጣራ ዜሮ ልቀት” የሚባል ግብ አለው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ወደ አየር የምንለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ዛፍና አፈር መልሰው ከሚወስዱት አይብለጥ ማለት ነው። ኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2050 እዚያ ለመድረስ አቅዳለች። እኔ ግን እላለሁ፣ ግድብ ብቻውን አያደርሰንም። ማዕድ ቤታችን ገና በእንጨትና በከሰል ነው። ዛፉን ስንቆርጥ ጋዙን የሚወስድልን ይጠፋል፤ ስናቃጥለው ደግሞ ጋዙ ይጨምራል። ሁለት ጊዜ ኪሳራ! ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወጡ መኪና ላይ የተጫነውን የከሰል ማዳበሪያ አይታችሁ ይሆናል። ክረምት ችግኝ እንተክላለን፣ በጋ ከሰል እንገዛለን።

ይህን ለእማዬ ስነግራት ምን አለችኝ መሰላችሁ? “መብራት ሲጠፋ ሊጡን ምን ላድርገው? የምጣዱንስ ዋጋ ማን ይከፍልልኛል?” እውነቷን ነው። ስለዚህ እናቶችን “ከሰል ተዉ” ብሎ መቆጣት ልክ አይደለም። መፍትሔ ማምጣት ነው ያለብን።

አንደኛ፣ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ከጎረቤቶቿ ጋር የምጣድ ዕቁብ ገብታ ነበር። ስምንት ሆነው በየወሩ ላንዷ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛሉ። አሁን እንጀራ ስትጋግር ዓይኗ አይቀላም፤ እንጨትም አትገዛም። ይህ በደሴም ይቻላል። ሁለተኛ፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አስቀድሞ ቢነገረን እናቶች በዚያው ልክ ያቦካሉ፣ ይጋግራሉ። ሦስተኛ፣ እስከዚያው ድረስ የተያያዘ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይግባ። ይህን ክበባችን ጠዋት ሰልፍ ላይ በየሳምንቱ ቢያነበው ለብዙ ቤት ይደርሳል። እኛ ቤት የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ያቺ ማታ ባልደረሰችብን ነበር።

እማዬ የዕቁቡን ነገር ሰፈር ውስጥ አንስታለች። እስካሁን አራት እናቶች እሺ ብለዋል፣ ጥቂት ይቀራል። እስቲ እናንተም ዛሬ ቤት ስትገቡ ለእናቶቻችሁ ንገሯቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!

በሐሳቤ የማትስማሙ ካላችሁ ለሚቀጥለው ዕትም ጻፉልን።

ከ7ኛ “ለ” ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል