ማሽን ከመግዛታችን በፊት፦ አሮጌዎቹ የጓሮ ትራክተሮች ለምን ይወደዳሉ?

በቤታችን የደረሰውን ነገር በመንገር እንጀምራለን። ልጃችን የሠራዊት አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በጊኑን ሥራ ለአንድ ቃብላን ተቀጥሮ ሠራ። ከዚያም "ለራሴ መሥራት እፈልጋለሁ" አለን። ለትልልቅ ግቢዎች ቁጭ ብለው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ስለሚያስፈልገው፣ ካጠራቀምነው ላይ ከፍለን የቀረውን በ24 ታሽሉሚም አድርገን ገዛንለት። አዲስ ነው፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ የአንድ ዓመት አሐራዩትም አለው። መርቀን ሰጠነው።

በሁለተኛው በጋ፣ አሐራዩቱ ካለቀ በኋላ፣ ማሽኑ ዳገት አልወጣ አለ። ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ትንሽ ከፍታ ሲያይ ይቆማል። ወደ ሙሳኽ ወሰድነው። ጥገና ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ አየና "ካምቢዮው የተደፈነ ነው። ዘይት ማፍሰሻ የለውም። ከፍቶ ማደስ አያዋጣም፤ ሙሉውን መለወጥ ነው" አለን። ዋጋው የማሽኑን ግማሽ ያህል ነበር። ክፍያችን ደግሞ ገና 10 ወር ይቀረዋል። ከሻጩ ጋር መጨቃጨቅ እንችል ነበር፤ ነገር ግን ስንገዛ የጠየቅነው ስለ ወርኃዊው ክፍያ ብቻ ነበር። ሲበላሽ ምን እንደሚሆን አንድም ጥያቄ አላነሣንም።

ልጃችን ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ስለሚገኙ አሮጌ የጓሮ ትራክተሮች ማንበብ ጀመረ። እኛ መጀመሪያ ከንዴት የተነሣ ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋ መስሎን ነበር። እራት ላይ ያነበበውን ሲያወራልን ግን ጉዳዩ የእኛው ጉዳይ ሆኖ አገኘነው።

የጓሮ ትራክተር የሚባለው ከእርሻ ትራክተር ያነሰ፣ ከተራ የሣር ማጨጃ የጠነከረ ማሽን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን ከከተማ ወጣ ብለው ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ሲሠሩ ተፈላጊ ሆነ። ያው ማሽን ሣር ያጭዳል፣ ትንሽ ማረሻ ይጎትታል፣ በክረምት በረዶ ይጠርጋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። የሚወዷቸው ሰዎች ይሰበስቧቸዋል፣ ፈትተው ያድሷቸዋል፣ ቀን ቆርጠውም አንድ ማሳ ላይ ተገናኝተው በእነዚህ ትንንሽ ትራክተሮች አብረው ያርሳሉ። ጡረታ የወጣ ሰው ከልጅ ልጁ ጋር አንድ ሞተር ፈትቶ ሲገጥም ክረምቱ ያልፍለታል።

ታዲያ የትኛው ይበልጥ ይወደዳል? ሁሉም የራሱን ያወድሳል፤ ጭቅጭቁም አያልቅም። ደጋግመው የሚነሡት ስሞች ግን ጥቂት ናቸው።

አንደኛው ከብ ካዴት ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የእርሻ መሣሪያ ኩባንያ በ1961 በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ፋብሪካው መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው 7 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዋናው ነገር ካምቢዮው ነው፤ ኩባንያው ፋርማል ከብ ከተባለው ትንሽ የእርሻ ትራክተሩ ነው የወሰደው። ለማሳ የታሰበ ብረት ጓሮ ውስጥ ሲገባ መቼ ይደክማል? በ1963 የወጡት 70 እና 100 የተባሉት ሞዴሎች ደግሞ ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፉት በቺንጊያ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው። ከኋለኞቹ 127 እና 149 ብዙ ወዳጅ አላቸው።

ሁለተኛው ጆን ዲር ነው። 110 የተባለው ሞዴል በ1963 ዊስኮንሲን ውስጥ ከሆሪኮን ፋብሪካ ወጣ። በ1968 የመጣው 140 ማርሽ ሳይቀይሩ በዘይት ግፊት የሚነዱት ነው። እዚህ ላይ የሚያስቅ ታሪክ አለ። በ1969 ኩባንያው ከለመደው አረንጓዴ ወጥቶ ነጭ ትራክተር ሠራና ኮፈኑንና መቀመጫውን በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫ ወይም በብርቱካን ቀለም እንዲመርጡ ለገዢዎች አቀረበ። በጊዜው ገበያው ብዙም አልወደዳቸውም። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ለእነዚያ ባለቀለሞች ከአረንጓዴው የበለጠ ይከፍላሉ። እኛ ይህን ስንሰማ የገዛነው ማሽን ያብረቀርቅ የነበረው ቀለሙ ትዝ አለን። ለሰብሳቢ ቀለም ዋጋ አለው፤ በቀን አራት ግቢ ማጨድ ላለበት ልጅ ግን ምንም አይደለም።

ከዚሁ ኩባንያ 318 የተባለውም በጣም ይወደዳል። ከ1983 እስከ 1992 የተሠራ፣ መሪው በዘይት ኃይል የሚዞር ጠንካራ ማሽን ነው። ነገር ግን ኦናን ለተባለው ሞተሩ አንዳንድ መለዋወጫ ተወድዷል፣ ማግኘትም አስቸጋሪ ሆኗል። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው የማሽኑ ወዳጆች ናቸው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ሻጭ አይነግርም፤ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዊል ሆርስ ነው። ኤልመር ፖንድና ልጁ ሴሲል በ1946 በኢንዲያና፣ በሳውዝ ቤንድ የጀመሩት ሥራ ነው። በ1974 ለአሜሪካን ሞተርስ፣ በ1986 ለቶሮ ተሸጠ። ቀይ ቀለም ያላቸው እነዚህ ትራክተሮች የሚወደዱት በቀላልነታቸው ነው፤ ካምቢዮአቸው የብረት ነው፣ ማጨጃውን አውጥቶ ሌላ መሣሪያ መግጠምም ብዙ ድካም የለውም። ሲ-120 የመሰሉት ሞዴሎችና በኋላ የመጣው 520-ኤች በብዙዎች አፍ ላይ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ሲምፕሊሲቲ፣ ቦለንስ፣ ኬዝና ግሬቭሊም የየራሳቸው ወዳጅ አላቸው፤ ሁሉንም ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ። እርስ በርስ የሚፎካከሩት ብዙዎቹ ኩባንያዎች በእነዚያ ዓመታት አንድ ዓይነት ሞተር ይገዙ ነበር፤ ኮለር የተባለው ኩባንያ የሠራውን ባለ አንድ ሲሊንደር ኬ የተባለ ሞተር። ከብ ካዴትም፣ ጆን ዲርም፣ ዊል ሆርስም ገጥመውታል። ሲሊንደሩ ወፍራም ቀልጦ የተጣለ ብረት ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ግድግዳ ሲበላ ሞተሩ አይጣልም፤ ባለሙያ ቀዳዳውን በ10 ሺኛ ኢንች ያሰፋዋል፣ በልኩ የተሠራ ፒስተን ይገባበታል። ከዓመታት በኋላ እንደ ገና ቢበላ ወደ 20፣ ከዚያም ወደ 30 ሺኛ ኢንች ይሰፋል። አንድ ሞተር ሦስት ጊዜ አዲስ ይሆናል ማለት ነው። ሞተሩ በብዙ ዓይነት ትራክተር ላይ ስላለም መለዋወጫ የሚሠራ አልጠፋም። በእኛ አስተያየት እነዚህ ማሽኖች የተወደዱት አሮጌ ስለሆኑ አይደለም። ሠሪዎቻቸው ማሽኑ አንድ ቀን እንደሚበላሽና ባለቤቱም እንደሚጠግነው አስበው ስለሠሯቸው ነው።

ይህን ለአባታችን ስንነግራቸው አልገረማቸውም። እሳቸው ወገራ ሳሉ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። ጫፉ ሲዶለዱም ገበሬው ያመጣዋል፤ አግለው፣ ብረት ጨምረው፣ ቀጥቅጠው ይመልሱለታል። በዓመቱ ያው ማረሻ ተመልሶ ይመጣል። ሰውየው ያለ እሳቸው ማረስ አይችልም፤ ዞር ሲል ግን "ቀጥቃጭ" ብሎ ይሰድባል። ከዚያ ስድብ የተነሣ ይመስለናል፣ እዚህ አገር ከመጣን በኋላ ብዙዎቻችን ልጆቻችን ከብረትና ከዘይት እንዲርቁ የምንመኘው። እኛም ልጃችን "የትንንሽ ሞተር ጥገና ልማር" ሲለን የመጀመሪያው መልሳችን "ቢሮ አይሻልህም ወይ?" ነበር። ተሳስተናል ብለን እናምናለን። በየዒሪያው፣ በየሞሻቩና በየግቢው የሚጮኸው ማጨጃ ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው የሚከፍተው ሰው ነው።

ታዲያ አሮጌ ትራክተር ከአሜሪካ እናስመጣ እያልን ነው? አይደለም። የማጓጓዣው ወጪ ብቻውን ያከስራል፣ መለዋወጫውም ባሕር ማዶ ነው። ሌላም የማንሸፋፍነው ነገር አለ፤ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ነጂው ከመቀመጫው ሲነሣ ሞተሩን የሚያጠፋ መሣሪያ የላቸውም፣ ቢገለበጡም ነጂውን የሚያድን ብረት የላቸውም። ሕፃን ጭኖ ግቢ ለግቢ መዞር በአሮጌም በአዲስም ማሽን አይገባም። አዲሶቹ በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ እውነቱን መናገር አለብን።

የምንለው፣ እነዚያ ሰዎች አሮጌ ማሽን ሲመርጡ የሚጠይቁትን እኛም ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ ነው። ካምቢዮው ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን አለው ወይስ የተደፈነ ነው? ሞተሩን የሠራው ማን ነው? ለእሱ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ በአቅራቢያችን አለ? የጥገና መጽሐፉ ይገኛል? ኮፈኑ ፕላስቲክ ቢሆን ግድ የለም፤ ከሥር ያለው ቻሲስ ግን ቀጭን ላሜራ ከሆነ በዳገት ሥራ ይጣመማል። ያድ ሽኒያ የሚገዛ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲነሣለት ይጠይቅ፤ ቀድሞ ያሞቀው ሻጭ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ነድቶም ዳገት ላይ ይሞክረው። እኛ ሱቁ ፊት ለፊት በነበረው አስፋልት ላይ ነው የሞከርነው። ዕብራይስጥ የሚቸግራችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ልጃችሁን ወይም ሥራውን የሚያውቅ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። አሐራዩቱ ምን ምን እንደማይሸፍን አስነብቡ፤ ካምቢዮና ቺንጊያ ውስጥ መኖራቸውን ስማቸውን ጠርታችሁ ጠይቁ።

የእኛ ማሽን አሁን በሸራ ተሸፍኖ ከቤት ኋላ ቆሟል። ልጃችን ከአንድ ሞሻቭ ያረጀ ማጨጃ በርካሽ ገዝቶ አመጣ፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሞተሩ የማይነሣ። ካንዴላውን ለወጠ፣ ካርቡራተሩን አወረደና አጠበ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ተነሣለት። አባታችን ወንበር አውጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ሲሊንደሩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን አዳመጡ፤ "ይኸኛው ብረት ነው" አሉ። ልጃችን በእሱ ሁለት ግቢ እያጨደ ነው። የቆመው ማሽን የመጨረሻ ክፍያ በመጪው ወር ይወጣል።